ድንጋዩ የሚፈቅደው አውሬ

በሙዚየም መስታወት ውስጥም ሆነ በሥዕል መጽሐፍ ላይ፣ ከጄድ የተሠሩ የቻይና እንስሳትን ደርድሮ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አብዛኞቹ ተኝተዋል። ጎሹ አራት እግሩን ከሆዱ ሥር አጥፏል። ፈረሱ ተንበርክኮ አንገቱን ወደ ጎኑ መልሷል። ውሻው ተጠቅልሎ አፍንጫውን ከጭራው ጋር አገናኝቷል። ዳክዬዋ ክንፏን ሰብስባለች። ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ቀንዱን አቅንቶ ሲዋጋ የሚታይ ጥቂት ነው። ነገሩን ከሕዝቡ ጠባይ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ቻይናውያን እርጋታ ስለሚወዱ ነው፣ ፍልስፍናቸው ዝምታን ስለሚያከብር ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከሰው ጠባይ በፊት የድንጋዩን ጠባይ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ፈረሱን ያስተኛው በመጀመሪያ ድንጋዩ ነው።

የድንጋይን ጠባይ ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራዎች መካከል ነው። በሰሜን እንጦጦ አለ፤ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር። ሁሉም ከሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳት ሲተፉ የነበሩ ተራሮች ናቸው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ተዘርግታለች፤ ቡራዩና ሰበታ ደግሞ ወጨጫን ተደግፈው ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ሦስቱም ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። በእነዚህ አካባቢዎች ድንጋይ ዱሮም ዛሬም እንጀራ ነው። በየካባው ጥቁሩ ባዛልት ለመሠረትና ለኮብልስቶን ይፈለጣል፤ ፈካ ያሉት ትራካይትና ኢግኒምብራይት ለግንብ ይጠረባሉ።

ካባ ውስጥ የሚውል ሰው መጽሐፍ ሳያነብ የሚያውቀው ሕግ አለ። መሮ ድንጋይን አይቆርጥም፤ ስንጥቅ ያስጀምረዋል እንጂ። ስንጥቁ ከተጀመረ በኋላ የት እንደሚያቆም የሚወስነው ድንጋዩ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጠራቢ ከመምታቱ በፊት ድንጋዩን ያገላብጣል፣ መስመሩን ይፈልጋል፣ አንኳኩቶም ድምፁን ያዳምጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አለመጫርና አለመሰበር። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ማዕድናትን ማን ማንን ይጭራል በሚል ከ1 እስከ 10 ደረጃ አውጥቶላቸዋል። የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን የሆነው ካልሳይት 3 ነው። የቢላ ብረት 5 ተኩል ገደማ ይሆናል። የአሸዋ ፍሬ የሆነው ኳርትዝ 7፣ አልማዝ 10 ነው። ይህ መለኪያ ግን ስለ መሰበር የሚናገረው የለም። የመስኮት መስታወት ለመጫር ያስቸግራል፤ አንድ ጠጠር ከተወረወረበት ግን ያልቅለታል። አውሬ ለሚቀርጽ ሰው ሁለተኛው ጠባይ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳስበዋል፤ ምክንያቱም እግር፣ ጆሮ፣ ቀንድና ጭራ ሁሉም ቀጫጭን ናቸው።

ለስላሳው ድንጋይ ብዙ አያከራክርም። ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ ላይ ወደ ደርባ የታጠፈ ሰው ወደ ሙገር ሸለቆ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው የኖራ ድንጋይ ዛሬ ለሲሚንቶ ይፈጫል። የዚህ ዓይነቱን ድንጋይ ቢላም ይጭረዋል። ሰሜኖቹ ጥንታውያን ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ምን እንደሠሩ ለማየት አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም መግባት በቂ ነው። አንሪ ደ ኮንታንሰን የተባለው ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አክሱም አጠገብ ሐውልቲ በተባለ ቦታ ቆፍሮ ያወጣው ዙፋን መሰል ቅርጽ እዚያ ቆሟል። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወዳለው የመጀመሪያው ሺህ ዓመት አጋማሽ ይሄዳል። በጠርዞቹ ላይ ዋልያ መሰል ቀንዳም ፍየሎች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረዋል፤ እነሱም ተኝተዋል። ጠራቢው ሲቆሙም ሲዘሉም ያያቸው እንስሳት ናቸው። የቆመ ፍየል አራት ቀጭን እግርና በእግሮቹ መካከል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የተኛ ፍየል ግን ራሱ አንድ ድፍን ድንጋይ ነው። የሐውልቲው ሰው ስለ ቻይና አንዳች ሳያውቅ ቻይናውያን የደረሱበት መልስ ላይ ደርሷል።

ከዚያው ከአክሱም በስተምዕራብ ጎበድራ ላይ ደግሞ ሌላ መልስ አለ። ጎበድራ የአክሱም ሐውልቶች የተፈለጡበት ካባ ነው፤ ድንጋዩ ኔፈሊን ሳየናይት የሚባል፣ ከኖራ ድንጋይ እጅግ የበረታ አለት ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ላይ አንዲት እንስት አንበሳ ተቀርጻለች፤ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ27 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አካሏን ዘርግታ ወደ ፊት ተወርውራለች። የአካባቢው አፈ ታሪክ ቅዱስ ሚካኤል ከአንበሳዪቱ ጋር ታግሎ በኃይል ወርውሮ ከቋጥኙ ጋር እንዳጣበቃት ይተርካል። እኔ ይህን ትረካ ከብዙ የጥበብ ትንታኔ አስበልጠዋለሁ፤ ምክንያቱም የቅርጹን ምሥጢር ይዟል። አንበሳዋ መሮጥ የቻለችው ከቋጥኙ ስላልተላቀቀች ነው። እግሮቿን የተሸከመላት ድንጋዩ ነው። ከአለት ላይ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ የሚቀረጽ ምስል በፈለገው ፍጥነት ሊሮጥ ይችላል፤ ዙሪያውን ነጻ ወጥቶ የቆመ እንስሳ ግን ለእያንዳንዷ ቀጭን አካሉ ለድንጋዩ ዋስ መጥራት አለበት። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን፣ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የሃያ አምስተኛ ዓመት የንግሥ በዓል በ1948 ዓ.ም. የሠራውን አንበሳ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህ ዋስትና እንዴት እንደተከፈለ ይረዳል። ጡንቻና ጸጉር በዝርዝር ከመቁጠር ይልቅ አካሉን በትልልቅ ጠፍጣፋ ገጾች አሳስሮታል።

አሁን ወደ ሰበታ መንገድ እንውጣ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ከሰበታዋ ዓለም ገና ተነስቶ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽን ይሻገራል። ቦታው መልካ ቁንጡሬ ነው። ሆላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጌሪት ዴከር በ1963 እ.ኤ.አ. የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን እዚያ አየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረና ለአሥርት ዓመታት ቀጠለበት። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የባልጪት መንደር አለ። መሬቱ ላይ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ስብርባሪ በብዛት ተበትኖ ይታያል፤ ባልጩት ነው። ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የወጣ ቅልጥ አለት ማዕድናቱ ቅርጽ ይዘው ሳይደራጁ በፍጥነት ቀዝቅዞ መስታወት ሆኖ የቀረ ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በአንድነት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል።

ባልጩት ውስጡ ፍሬም የለው፣ ክርም የለው፣ መስመርም የለው። ስለዚህ ሲመታ የሚነሣው ስንጥቅ የሚያስቆመው ነገር ሳያገኝ እንደ ዛጎል ገጽ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ከዚያ የሚገኘው ጠርዝ የሰው እጅ ከሚሠራቸው ስለቶች ሁሉ ከቀጭኖቹ አንዱ ነው። በመልካ ቁንጡሬ ሲምቢሮ በተባለው ስፍራ የተጠና፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ አንድ የመሣሪያ መሥሪያ ቦታ በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል፤ ከ578 የድንጋይ ሥራዎች ከሦስቱ በስተቀር ሁሉም ከባልጩት ነበሩ። ወንዙ ያንከባለላቸውን የባልጩት ድቡልቡሎች እየለቀሙ፣ ሁለቱን ጎን እያመጣጠኑ፣ ተመሳሳይ የእጅ መጥረቢያ ደጋግመው ይሠሩ ነበር። እኛን የሚመስል ሰው ገና ምድር ላይ አልነበረም። ይህ እውቀት በሌላ መልኩ እስከ ቅርብ ዘመን ዘልቋል። በጉራጌ፣ በሐዲያና በሲዳማ አካባቢ ቆዳ ፋቂዎች ባልጩት እንጨት እጀታ ላይ ተክለው ቆዳ ሲፍቁ ተመራማሪዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መዝግበዋል።

ከሚሊዮን ዓመት በላይ በእጅ የኖረ ድንጋይ ታዲያ እዚህ አገር ስለት እንጂ አውሬ ሲሆን የማናየው ለምንድን ነው? እዚያው መንገድ ላይ ወደ ፊት ሲሄዱ የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከ36ቱ 32ቱ ተቀርጸዋል፤ ጎልቶ የሚታየው ቅርጽ ጎራዴ ነው። እነሱም ቢሆኑ ከባልጩት አልተሠሩም። መልሱ እዚያው ስለቱ ላይ ነው። አንድ ድንጋይ ምርጥ ቢላ የሚያደርገው ጠባይ መጥፎ እንስሳ ያደርገዋል። ስንጥቅን የማያስቆም አካል ጆሮም ቀንድም አያወጣም። መዶሻው ጆሮውን ሲነካ ግንባሩ አብሮ ይሄዳል።

ግን ሞክረውታል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ባልጩት ሲያወራ ድንጋዩ በኢትዮጵያ እንደተገኘ ጽፏል፤ የእሱ ኢትዮጵያ ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ይጨምራል እንጂ የዛሬውን ካርታ አይደለም። ከዚያ አያይዞ ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ሮም ባለው የኮንኮርዲያ ቤተ መቅደስ አራት የባልጩት ዝሆኖችን እንደ ተአምር ቆጥሮ ስጦታ አድርጎ ማቆሙን ይነግረናል። ፕሊኒ ራሱ በ79 እ.ኤ.አ. የሞተው ቬሱቪየስ ሲፈነዳ ነው፤ ስለ እሳተ ገሞራ መስታወት የጻፈውን ሰው እሳተ ገሞራ ወሰደው። ወደ ዝሆኖቹ ስንመለስ፣ የእንስሳው ምርጫ አጋጣሚ አይመስለኝም። ዝሆን እግሩ ምሰሶ ነው፤ አንገት የለውም ቢባል ይቀላል፤ ጆሮው ከትከሻው ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል፤ ኩምቢው ከደረቱ ጋር ቢጣበቅም አያስነቅፍም። ለባልጩት ከተፈጠሩ አውሬዎች መካከል አንደኛው ዝሆን ነው። አራት የባልጩት ሚዳቋዎች ቢሆኑ ኖሮ አውግስጦስ አራት የተሰባበሩ ክምሮችን ነበር የሚያቆመው።

ጄድ የባልጩት ተቃራኒ ነው። የጥንት ቻይናውያን የሠሩበት ጄድ ኔፍራይት ይባላል። ትሬሞላይትና አክቲኖላይት ከሚባሉ ማዕድናት የተሠሩ፣ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን ክሮች በየአቅጣጫው ተጠላልፈው ያስገኙት ድንጋይ ነው። በሞስ መለኪያ 6 ወይም 6 ተኩል ቢሆን ነው፤ ከአሸዋ ያንሳል። አለመሰበር ላይ ግን ከድንጋይ ሁሉ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። ስንጥቅ ገብቶ ጥቂት እንደሄደ አንድ ክር ይዘጋበታል፤ ያንን ሲዞር ሌላው ይጠብቀዋል። መዶሻ ያነሳበት ሰው መዶሻው ነጥሮ ይመለስበታል። ስለዚህ ጄድ አይጠረብም። የሰበታም ይሁን የጎበድራ ጠራቢ መሮውን ይዞ ቻይና ቢሄድ እዚያ ሥራ ፈት ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? ይፈጫል። ወፍጮና መጅ የነበረበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ቶሎ ይገባዋል። መጁ በእህሉ ላይ ሲመላለስ ኖሮ ወፍጮው መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ማንም አልመታውም፣ ማንም አልፈለጠውም፤ ድንጋይ ድንጋይን እያሸ ፍርፋሪውን ከዱቄቱ ጋር ሰጥቶናል፤ ጥርስ ሥር ቀጭ የምትለዋ አሸዋ ምስክር ናት። የቻይና ጄድ ሠሪም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በሁለቱ መካከል ያስገባው እህል ሳይሆን እርጥብ አሸዋ መሆኑ ነው። ኳርትዝ 7፣ ጄድ ከ6 ተኩል የማይበልጥ፤ ትንሽ ልዩነት ናት፤ ትዕግሥት ሲጨመርባት ግን ትበቃለች። በቡራዩ በኩል በአምቦ መንገድ የሚገባውና የአዲስ አበባን ብዙ ሕንፃ ያለበሰው የአምቦ ድንጋይ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ፍሬዎቹ በአመዛኙ ይኸው ኳርትዝ ናቸው። የዚያ ድንጋይ ብናኝ ውሃ ቢነካው የጄድ መሥሪያ ዋና መሣሪያ ይሆናል።

መሣሪያው ይህን ያህል ተራ ነው። ትልቁን ድንጋይ ለሁለት ለመክፈል ገመድ ወይም ጠፍር ወጥሮ እርጥብ አሸዋ እያጠጡ ወዲያና ወዲህ መጎተት። ለመብሳት የቀርከሃ ቱቦ በአሸዋ ላይ ማሽከርከር። ቆየት ብሎ ብረት ሲመጣ ቀጭን የብረት ክብ ዛቢያ ላይ ተተከለ፤ ሠራተኛው በሁለት እግሩ መርገጫ እያፈራረቀ ያሽከረክረዋል፤ አንድ እጁ ጄዱን ይይዛል፣ ሌላው አሸዋውን ይመግባል። ሊ ቼንግዩዋን የተባለ ሠዓሊ በ1891 እ.ኤ.አ. ይህንን ሥራ ከአሸዋ መፍጨት አንሥቶ ደረጃ በደረጃ ሥሎ አስቀምጧል። ብረቱ ራሱ ጄዱን አይነካውም ማለት ይቻላል፤ ብረት ከጄድ ይለሰልሳል። ብረቱ የአሸዋ ተሸካሚ ብቻ ነው።

እንግዲህ እንስሳው ከዚህ አሠራር ይወለዳል። በመፍጨት የሚሠራ ሰው ከድንጋዩ የሚያወጣትን እያንዳንዷን ቅንጣት በሰዓት ይከፍልባታል። በእግር መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ለመክፈት ቀናት ያልቃሉ፤ የሚወጣው ውድ ጄድ ደግሞ ዱቄት ሆኖ ከውሃው ጋር ይፈሳል። ስብራትን መፍራት የባልጩት ሠሪ ጭንቀት ነው። ጄዱ ቀጭን እግር ሊሸከም ይችል ነበር፤ አቅም ያጣው ሰውየው ነው። አንዱ እንስሳውን የሚያስተኛው ድንጋዩ ስለሚሰበር፣ ሌላው ድንጋዩ አልሰበር ስለሚል ነው።

ሌላው ምክንያት ወንዝ ነው። ለሺህ ዓመታት የተከበረው ጄድ የመጣው በዛሬዋ ሺንጂያንግ ከሆታን ነው፤ ዩሩንግካሽና ካራካሽ የተባሉ ሁለት ወንዞች ከኩንሉን ተራሮች ያመጡታል። በበጋ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል፤ ሲጎድል ሰዎች ገብተው ይለቅማሉ። ወንዙ ከጄድ ሠሪው በፊት ፈትኖታል፤ ስንጥቅ ያለበት መንገድ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ደህናው ድቡልቡል ሆኖ ደርሷል። የሲምቢሮዎቹ ሰዎችም ባልጩታቸውን ከወንዝ ነው የለቀሙት፤ ሁለት ዓለም፣ አንድ ዓይነት ገበያ። ድቡልቡል ድንጋይ በእጁ የገባለት ሰው ከእሱ የቆመ ፈረስ ልሥራ ቢል ግማሹን መጣል ሊኖርበት ነው። የተኛ ፈረስ ግን እዚያው ውስጥ አለ። በዚያ ላይ የወንዝ ጄድ ብረት አዘል ውሃ እያቀለመው ቡናማ ወይም ቀይ ቅርፊት ያወጣል። ጎበዙ ሠሪ ቅርፊቱን አይጥለውም፤ የድመቷ ጀርባ ላይ ቡናማ ጥለት፣ የወፏ ክንፍ ላይ ቀይ ላባ ያደርገዋል። ይህ ብልሃት ጥንታዊ ነው፤ በሻንግ ነገሥታት መናገሻ በአንያንግ በ1975 እ.ኤ.አ. የተገኘች አንዲት የጄድ ኤሊ ልብሷ ጥቁር፣ ሰውነቷ ፈካ ያለ ነው፤ ቀለሙን የሰጣት ድንጋዩ ነው።

ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ቶሎ ቶሎ እንለፈው። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሆንግሻን የሚባለው ባህል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት ራሱ የአሳማ፣ አካሉ ግን እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ፍጡር ከጄድ ይሠራ ነበር። ከብረትም ከነሐስም በፊት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አንያንግ ላይ የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት የሆነችው የፉ ሃዎ መቃብር ሳይዘረፍ ተገኘ፤ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ገደማ ነው፤ ከውስጡ 755 የጄድ ሥራዎች ወጡ። ዝሆን፣ ነብር፣ ድብ፣ በቀቀን፣ ሁሉም እዚያ አሉ። ፉ ሃዎ ጦር የምትመራ ሴት ነበረች፤ መካነ አራዊቷን ይዛ ተቀብራለች።

በሃን ነገሥታት ዘመን ደግሞ አውሬው ለሞት ይሠራ ጀመር። ሲካዳ የምትባለውን፣ አብዛኛውን ዕድሜዋን ከመሬት በታች አሳልፋ ክንፍ አውጥታ የምትነሣ በራሪ፣ ከጄድ ሠርተው በሬሳው አፍ ያኖሩ ነበር። በእጁ ደግሞ የተጋደመ አሳማ ያስይዙታል። እነዚህ ሥራዎች በጥቂት ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይጠናቀቃሉ፤ ሁለት ገጽ ተገናኝቶ ጀርባ፣ አራት ጭረት ተጨምሮ እግር። ለኔ ከቻይና የጄድ እንስሳት ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ቀላሎቹ አሳማዎች ናቸው። ሠሪው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል አላሳየንም፤ ምን ያህል ሳይሠራ መተው እንደሚችል ነው ያሳየን።

አንበሳም በሃን ዘመን ነው ወደ ቻይና ቤተ መንግሥት የደረሰው፤ ከምዕራብ በስጦታ እየመጣ። አንበሳ በማይኖርበት አገር ጥቂት ሰው ያየውን ብዙ ሰው ቀረጸው፤ ስለዚህ የጄዱም የበር ላዩም አንበሳ ጸጉሩ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ውሻ መስሎ ቀረ። ጎበድራ ላይ የቀረጸው ሰው ግን አንበሳን የሚያውቀው በጎረቤትነት ነው፤ የተዘረጋው ወገቧ ይህን ይናገራል።

ከታንግና ከሶንግ ነገሥታት ዘመን ወዲህ የጄዱ እንስሳ ከመቃብር ወጥቶ ወደ ሰው መዳፍ ገባ። የተማረ ሰው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያስጭነዋል፤ እጅጌው ውስጥ ይዞ እያወራ በጣቶቹ ያሻሸዋል። ስለዚህ የተሠራው ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለእጅ ነው። የሚወጋ ጆሮና የሚይዝ ቀንድ ለመዳፍ አይመችም፤ የተኛው ጎሽ ጀርባ ግን መዳፍ ውስጥ ይገባል። ጄድ ከብረት ይልቅ ለስለስ ያለ ቅዝቃዜ አለው፤ በእጅ ሲቆይ ይሞቃል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ የጄድ እንስሳ ግማሽ ሥራው ተሰውሯል ብዬ አስባለሁ። በጣት ማንበብን የሚያስተምረው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ልጆች አንድ የሶንግ ጎሽ በእጃቸው ቢገባ፣ ከብዙ ዓይናማ ጎብኚ በፊት የአጥንቱን አቀማመጥ የሚያገኙት ይመስለኛል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከበርማ ሌላ ጄድ በብዛት ገባ፤ አረንጓዴው ጄዳይት። መልኩ ቢቀርብም ማዕድኑ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ፈረንሳዊው አሌክሲ ዳሞር በ1863 እ.ኤ.አ. ለይቷቸዋል። በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቺየንሎንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ለጄድ ልዩ ፍቅር ነበረው፤ ከሺንጂያንግ የመጣ ከ5 ቶን በላይ የሚመዝን አንድ ድንጋይ ያንግጆ ከተማ ተልኮ ለዓመታት ተፈጭቶ በ1787 እ.ኤ.አ. ተራራ ሆኖ ቤተ መንግሥት ገባ። ተራራ እንጂ አውሬ አለመሆኑ አይገርምም። ያን የሚያህል ድንጋይ ለመዳፍ አይሆንም።

ያንን ሁሉ ትዕግሥት የሻረው አልማዝ ነው። በመጀመሪያ ካርቦረንደም የሚባለው፣ በፋብሪካ የሚሠራና ከአሸዋ እጅግ የሚበረታ ማለስለሻ መጣ፤ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር፣ የአልማዝ ቅንጣት የተለጠፈበት መሰርሰሪያ። ትናንት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የእግር መካከል ክፍተት ዛሬ በሰዓታት ይከፈታል። ስለዚህ በዛሬው የቻይና ገበያ የጄድ ፈረሶች ቆመዋል፣ ጋማቸው በነፋስ ተበትኗል፤ ዘንዶዎች ሰንሰለት ውስጥ ሰንሰለት ይዘው ይጠማዘዛሉ። ዕደ ጥበቡ አይናቅም። ግን የሠሪው ጥያቄ ተለውጧል፤ ድንጋዩ የማይፈቅደው ነገር ሲጠፋ ሰውየው የሚከለክለው ነገር ማምጣት አለበት፤ ብዙዎቹ አላመጡም።

አልማዙ እኛም ጋ ደርሷል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የእብነ በረድና የግራናይት ቤቶች፣ ውሃ እየጠጣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚቆርጠው ክብ ቢላ ጫፉ ላይ ያለው ይኸው የአልማዝ ፍንካች ነው። ባልጩትን ያለ መዶሻ፣ በውሃ እያቀዘቀዙ፣ በመፍጨት ብቻ ቅርጽ ማስያዝ በዚህ መሣሪያ ይቻላል። ድንጋዩ ከባልጪት መንደር ሊመጣ አይችልም፤ ቦታው ቅርስ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃ ሥር ያለ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነሣም። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በፈንታሌና በዝዋይ አጠገብ በአሉቶ እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ ግን ባልጩት ሞልቷል። ቁራጩን ወደ ፀሐይ አድርጎ በቀጭን ጠርዙ በኩል ማየት፣ የአየር አረፋና የፀጉር ስንጥቅ መፈለግ፣ በጥፍር አንኳኩቶ ድምፁ ጥርት ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አልማዝ ባልጩትን ይቆርጠዋል እንጂ ጠባዩን አይለውጠውም፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ከጠረጴዛ ከወደቀ ስንጥቁ እንደ ዱሮው ሳይቆም ያልፋል። ፈተናውን ካለፈው ቁራጭ ኤሊ፣ ወይም የተጠቀለለ ጃርት፣ ወይም እንደ አውግስጦስ ዝሆን ይወጣል። ቀንዱን አቅንቶ የቆመ ዋልያ ግን አይወጣም።